የስኖው ዋይት ፎር ኬ ዲስክ ከወራት በኋላ፦ መስመሩ ታየኝ

ስኖው ዋይት የተባለውን የዲስኒ ካርቱን ፊልም በፎር ኬ ዲስክ (ከዲቪዲ እጅግ የጠራ ምስል በሚሰጥ) ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ዲስኩ አንድም ቀን አልተንገራገጨም። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ማሸጊያውም ደህና ነው። ስለ እነዚህ ሌላ የምለው የለኝም። ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ነው፤ የሥዕሉ መስመር።

የንግሥቲቱን ቅንድብ እዩ። የስኖው ዋይትን ጣቶች እዩ። እያንዳንዱን መስመር የሰው እጅ እንዳሰመረው ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ቦታ ላይ ወፈር ይላል፣ ወረድ ሲል ይቀጥናል፣ ጫፉ ላይ ሰልሎ ያልቃል። ቀለሙም ጥቁር ብቻ አይደለም። ልብስ ላይ ወደ ልብሱ ቀለም ይጠጋል፣ ፊት ላይ ደግሞ ወደ ቆዳው። ፊልሙን በካሴትም በዲቪዲም አይቼዋለሁ። ታሪኩን በቃሌ ነው የማውቀው። ይሄን ግን አይቼው አላውቅም።

ለምን እንደዚህ እንደገረመኝ ላስረዳ። ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1937 ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ካርቴይ ሰርክል በሚባል ቲያትር ነው። ርዝመቱ 83 ደቂቃ ነው። እየተሠራ ሳለ ሆሊውድ ውስጥ «የዲስኒ ቂልነት» ይሉት ነበር። ሰው ይህን ያህል ሰዓት ቁጭ ብሎ ካርቱን ያያል ብሎ ያመነ ብዙ አልነበረም። ወጪው ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ ለዚያ ዘመን ከባድ ገንዘብ ነው።

ያኔ ኮምፒውተር የለም። አኒሜተሩ፣ ማለትም ሥዕሉ እንዲንቀሳቀስ የሚያደርገው ሠዓሊ፣ መጀመሪያ በእርሳስ ወረቀት ላይ ይስላል። ከዚያ በስቱዲዮው የቀለም ክፍል ያሉ ሴቶች ሥዕሉን ሴል በሚባል ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ላይ በብዕር ይገለብጡታል። ሲደርቅ ያዞሩትና በጀርባው በኩል ቀለም ይሞሉታል። ከኋላ የሚታየው ጫካና ቤት ደግሞ በውሃ ቀለም የተሠራ ነው። የስኖው ዋይትን የጉንጭ ቅላት ሳይቀር እነዚሁ ሴቶች በየሴሉ ላይ በእጃቸው ነው የጨመሩት። እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሻቸውን እየዋጡ የሚሠሩት ሥራ ነው። የፊልሙ መግቢያ ላይ ስማቸው የለም። ለእኔ ይህ ዲስክ ከሁሉም በላይ የእነሱ ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ሳለች አብረን አየነው። እንግሊዝኛ አትችልም፣ ዲስኩም የአማርኛ ጽሑፍ የለውም። ይህ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው፤ ስንት ቋንቋ ተጭኖ የእኛ የለም። እሷ ግን አንድ ቦታ እንኳን «ምን አለች?» ብላ አልጠየቀችኝም። ፊታቸውና አካሄዳቸው ይነግራታል። ዕድሜዋን ሙሉ ጥልፍ ስትጠልፍ የኖረች ሴት ናት፣ ዓይኗ መስመር አያመልጠውም። ድንክዬዎቹ በስኖው ዋይት አስከሬን ዙሪያ የሚያለቅሱበት ቦታ ላይ ስንደርስ ወደ ቲቪው ጠጋ አለች።

«ይሄ ሁሉ በእጅ ነው?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ሁሉም በእጅ ነው።»

«ስንት ሰው ዓይኑን ጨርሶበታል!» አለች።

ያንን ትዕይንት የሠራው ፍራንክ ቶማስ የሚባል አኒሜተር ነው። ድንክዬዎቹ እምብዛም አይንቀሳቀሱም። እንባ ብቻ ይወርዳል። ትንሽ መንቀሳቀስ ብቻ ሲኖር የሥዕሉ ጥራት ሁሉ ነገር ይሆናል፤ መስመሩ ከደበዘዘ ሐዘኑም አብሮ ይደበዝዛል። በድሮው ዲቪዲዬ ላይ ይህን ቦታ እንዲሁ ነበር የማልፈው። አሁን አላልፈውም።

ወደ ብስጭቴ ልምጣ። ብስጭቴ በዲስኩ አይደለም፣ በቲቪ ሻጮች ነው።

ቲቪውን የገዛሁበት መደብር ውስጥ የነበረው ሻጭ አንድ ነገር አጥብቆ አወደሰልኝ። ቲቪው እንቅስቃሴን ያለሰልሳል፣ ምስሉ ላይ ያለውንም ነቁጥ ጠራርጎ ያጸዳል አለኝ። ከፋብሪካ ሲወጣም ሁለቱ በርተው ነው የሚመጡት። ዲስኩን በዚያው ሁኔታ ሳስገባው ፊልሙ ሌላ ሆነ። ከድንክዬዎቹ አንዱ፣ ኩርፍተኛው ግራምፒ፣ አይራመድም፣ ይንሸራተታል። የስኖው ዋይት ፊት ላስቲክ ሆነ። የማደንቀው መስመር ደግሞ አንድ ጊዜ ብቅ እያለ ሌላ ጊዜ ይጠፋል።

ሻጩ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ልሟገትህ። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነው። አኒሜተሮች ብዙ ጊዜ አንድን ሥዕል ለሁለት ምስል ይጠቀሙበታል፣ ሲያስፈልግ ደግሞ ለእያንዳንዱ ምስል አዲስ ሥዕል ይሠራሉ። የቱ ጋ እንደሚቆም፣ የቱ ጋ ድንገት እንደሚዘል አስበውበት ነው። ግራምፒን የሠራው ቢል ታይትላ የሚባል ታላቅ አኒሜተር ነው። ስኖው ዋይት ስትስመው ተቆጥቶ ይሄዳል፣ ከዚያ ትከሻው ቀስ እያለ ይላላል፣ ፊቱ ይፈታል፣ ፈገግ ይላል። ያ ለውጥ የተለካው በሥዕል ቁጥር ነው። ያንተ ቲቪ ግን በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ማንም ያልሳለውን ምስል ከራሱ ፈጥሮ ይጨምራል። ታይትላ ያልሳለውን ግራምፒ ማየት አልፈልግም!

ነቁጡም ቢሆን ቆሻሻ አይደለም። የፊልሙ የራሱ ቅንጣት ነው። ብርሃን ፊልሙ ላይ ያረፈው በዚያ ቅንጣት ነው። ቲቪው እሱን ሲጠርግ ቀጭኑንም መስመር አብሮ ይጠርገዋል፣ የውሃ ቀለሙንም ልስልስ ያደርገዋል። ማጽዳት አይደለም፣ ማጥፋት ነው።

መፍትሔው ሪሞት ላይ ነው። ከ2020 ወዲህ የወጡ ብዙ ቲቪዎች ፊልምሜከር ሞድ የሚባል ምርጫ አላቸው። የቲቪ አምራቾችና የፊልም ስቱዲዮዎች በ2019 ተስማምተው ያመጡት ነው። እሱን ስትመርጡ ማለስለሻውም፣ መጥረጊያውም፣ የምስሉን ጠርዝ በሰው ሠራሽ መንገድ የሚያጎላውም በአንዴ ይጠፋል። ቲቪያችሁ ይህ ከሌለው በሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አንድ በአንድ አጥፏቸው። እኔ ያንን ባደረግኩበት ቅጽበት ነው ይህ ዲስክ የተገለጠልኝ። ሻጩ ስለዚህ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ስለ ቀለሙ ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ቢጫው ቀሚስ፣ ቀይዋ ፖም፣ የማታው ፀሐይ ድንክዬዎቹ ከሥራ ሲመለሱ፤ ሁሉም ሕይወት አለው ግን አይጮህም። ይህ ሊሆን የቻለው በአቀራረጹ ነው። ዘዴው ቴክኒከለር ነው። ካሜራው እያንዳንዱን ሥዕል ሦስት ጊዜ ያነሣዋል፤ አንዴ በቀይ፣ አንዴ በአረንጓዴ፣ አንዴ በሰማያዊ ማጣሪያ። ሦስቱም ተከታትለው የሚቀመጡት በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ነው። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የሚለቅ ቀለም የለውም። ሌሎች የቀለም ፊልሞች ዕድሜ ሲያገኙ ቀለማቸው ይሸሻል፣ የዚህ ግን በሦስቱ ምስል ውስጥ ተጠብቆ ይቆያል።

ዋናው ፊልም ግን ናይትሬት ነው፤ እሳት ከያዘው ማጥፋት የሚያስቸግር አደገኛ ነገር። የዲስኒ የድሮ ናይትሬት ፊልሞች የሚጠበቁት በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው፣ የቤተ መጻሕፍቱ የናይትሬት ማከማቻም እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ኩልፔፐር ውስጥ ይገኛል። እኔ የምኖረው አጎራባች በሆነችው ሜሪላንድ ነው። የዚህ ዓይነቱ ሀብት በመኪና በሚደረስበት ቦታ ተጠብቆ መቀመጡ ደስ ይለኛል። ይህ ፊልም በ1993 ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ገብቶ፣ ታድሶ፣ ተመልሶ ወደ ፊልም የተገለበጠ የመጀመሪያው ፊልም ሆኗል። በኮዳክ ሲኒዮን መሣሪያ ነው የተሠራው። አዲሱ ፎር ኬ ዲስክ የወጣው በ2023 ነው፣ ለእኔ የእስካሁኑ ሁሉ ምርጥ እሱ ነው።

ቤት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ «ቲቪው ለምን አልሞላም?» ይለኛል። በግራና በቀኝ ጥቁር አለ። በ1937 ሸራው ሰፊ አልነበረም፤ ወርዱ ከቁመቱ 1.37 እጥፍ ብቻ ነው። ስክሪኑን ልሙላ ካላችሁ ወይ ድንክዬዎቹን ታወፍሯቸዋላችሁ፣ ወይ እግራቸውንና ቆባቸውን ትቆርጣላችሁ። ሪሞቱን ከልጆች ደብቁ።

«ኢንተርኔት ላይ እያለ ዲስክ ምን ያደርጋል?» የሚለኝም አለ። ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው ቁጥር ነው። የኢንተርኔት ፎር ኬ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ ከ15 እስከ 25 ሜጋቢት (የመረጃ መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ይሄዳል፣ ፎር ኬ ዲስክ ግን እስከ 128 ሜጋቢት መድረስ ይችላል። ያ የፊልም ቅንጣት ለመጭመቅ አስቸጋሪ ነው፤ ቦታ ሲጠበው መጀመሪያ የሚሰዋው እሱ ነው። ስኖው ዋይት በጫካው ጨለማ ውስጥ ስትሮጥ በኢንተርኔት ያየሁት ጨለማ የተቦጫጨቀ ነበር። በዲስኩ ላይ ዛፉ ከዛፉ ይለያል።

ሁለተኛው መልስ ይበልጥ ያሳስበኛል። ዲስኒ ለብዙ ዓመታት የድሮ ፊልሞቹን ለጥቂት ጊዜ እየሸጠ መልሶ ከገበያ ያወጣ ነበር። በ2023 አውስትራሊያ ውስጥ ዲስክ መሸጡን አቆመ። በ2024 ደግሞ የሰሜን አሜሪካውን የዲስክ ሥራ ለሶኒ ሰጠ። ዲስክ እየጠፋ ያለ ዕቃ ነው። መደርደሪያዬ ላይ ያለውን ግን ማንም ተነሥቶ አይወስድብኝም፣ ወርሃዊ ክፍያ ተቋረጠ ብሎም የሚጠይቀኝ የለም።

ግዙ ወይ አትግዙ? ግዙ። ዋጋው ከተራ ዲስክ ከፍ ይላል፣ አልቆጨኝም። ግን የፎር ኬ ማጫወቻ ያስፈልጋችኋል፤ ተራው የብሉ ሬይ ማጫወቻ አይከፍተውም። የዲስክ ማስገቢያ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 ወይም ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ቤታችሁ ካለ ያጫውተዋል። ፎር ኬ ዲስክ የአገር ቁልፍ የለውም፤ ስለዚህ ከአሜሪካ ገዝታችሁ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ላለ ዘመድ ብትልኩ፣ ማጫወቻው ፎር ኬ እስከሆነ ድረስ ይሠራል። ቲቪያችሁ ትንሽ ከሆነ ወይም ከሩቅ የምታዩ ከሆነ ግን በተራው ብሉ ሬይ ብትቆዩ ብዙ አይቀርባችሁም። ሲንደሬላም በ2023 በዚሁ መልክ ታድሳ በዲስክ ወጥታለች። እማዬ ተመልሳ ስትመጣ እሷን ነው የምናየው፣ ቲቪው ከወዲሁ ፊልምሜከር ሞድ ላይ ነው።