በታንጂር የተሠራችው ዳሲያ ሳንዴሮ፦ መኪናዋና ወደ ገበያ የወጣችበት መንገድ

ለሥራ ወደ ሞሮኮ በሄድኩበት ጊዜ ከታንጂር እስከ ካዛብላንካ ያለውን 340 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የተጓዝኩት ዳሲያ ሳንዴሮ ተከራይቼ ነው፤ ዳሲያ በፈረንሳዩ ሬኖ ሥር ያለ የሮማኒያ መኪና አምራች ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሰዓት እስከ 320 ኪሎ ሜትር የሚፈጥን ባቡር ስለሚመላለስ መኪና መከራየት የግድ አልነበረም፤ የተከራየሁት ይህችን መኪና በተሠራችበት አገር መንዳት ስለፈለግሁ ነው። ሳንዴሮ እ.ኤ.አ. በ2024 በአውሮፓ ከማንኛውም አዲስ መኪና በላይ የተሸጠች ስትሆን፣ በዚያ ዓመት ብቻ ከ260,000 በላይ ገዢዎች ወስደዋታል፤ አብዛኞቹም የተሠሩት በሞሮኮ ነው። በአፍሪካ ምድር የተገጣጠመ መኪና በዚያ ገበያ እንዴት አንደኛ ሊወጣ እንደቻለ መሪዋን ጨብጬ፣ ፋብሪካዋ ያለበትንም አካባቢ አይቼ ለመረዳት ጓጉቼ ነበር።

ከመኪናዋ ልጀምር። የተረከብኳት ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ ባለ 1.0 ሊትር ቱርቦ ቤንዚን ሞተርና ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ ያላት ነበረች። ርዝመቷ 4.09 ሜትር ብቻ ቢሆንም ከኋላ የሚቀመጥ ጎልማሳ ጉልበቱ የፊቱን ወንበር አይነካም። የኋላው ዕቃ መጫኛ 328 ሊትር ስለሆነ ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎቼንና የሥራ ቦርሳዬን ያለ ትግል ተቀብሎልኛል። ዳሽቦርዱ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ ቆዳ ለመምሰልም አይሞክርም። በዝቅተኛው ደረጃ የምትሸጠው ሳንዴሮ የራሷ ስክሪን የላትም፤ በምትኩ ሾፌሩ ስልኩን የሚያስቀምጥበት መያዣ ተሠርቶላታል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ ገምጋሚዎች አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ሰው ሁሉ በኪሱ ጥሩ ስልክ ይዞ በሚዞርበት ዘመን፣ ከስልኩ የተሻለ ሥራ የማይሠራ ስክሪን በውድ ከመሸጥ ይልቅ መያዣውን ሰጥቶ ዋጋውን መቀነስ ለገዢው ማሰብ ነው። ከመኪናዋ የተቀነሰው ሁሉ ግን እንዲህ ያለ ጉዳት የሌለው ነገር አይደለም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የአትላንቲክን ዳርቻ ይዞ በአሲላና በላራሽ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው ፈጣን መንገድ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ያስነዳል። በዚያ ፍጥነት ሳንዴሮ መንገዱን አጥብቃ ይዛ ትሄዳለች፤ መሪዋ ቀላል ነው፣ ፍሪሲዮኗ አያደክምም፣ ስድስተኛው ማርሽም ሞተሩን ያሳርፈዋል። የመኪናዋ መሠረተ አካል ከሬኖ ክሊዮ ጋር የጋራ መሆኑን እያሰቡ ሲነዷት ይህ አያስገርምም፤ ሌላ ቦታ በበለጠ ዋጋ የሚሸጠውን ምሕንድስና እዚህ በቀላል ልብስ ያገኙታል።

ያከራየኝን ድርጅት ግን ላመሰግነው አልችልም። ላራሽ አካባቢ አንድ ጎማ ተንፍሶ ስቆም፣ ስኮርታው በቦታው ቢኖርም ክሪክም ሆነ የጎማ መፍቻ አልነበረም። ከረዥም ጥበቃ በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆሞ መሣሪያውን አዋሰኝ፣ ጎማውንም አብሮኝ ቀየረ። ከዚያ በአቅራቢያው ወዳለ ጎሚስታ ስደርስ ያየሁት ነገር ከንዴቴ በላይ አመዘነ። በሩ ላይ ከቆሙት መኪኖች ብዙዎቹ ዳሲያ ነበሩ፤ ለእኔ መኪና የሚሆን ጎማም፣ ፍሬን ሸራም፣ የፊት መብራትም በመደርደሪያው ላይ ተደርድሮ ነበር። መለዋወጫ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ መንከራተትን፣ አንዳንዴም ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ መኪናን አቁሞ መጠበቅን ለለመደ ኢትዮጵያዊ፣ ያ መደርደሪያ የአገር ውስጥ መኪና ኢንዱስትሪ ማለት ምን እንደሆነ ከማንኛውም ሪፖርት በተሻለ ያስረዳል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። የአውሮፓ የመኪና ደህንነት መዛኝ ዩሮ ኤንካፕ እ.ኤ.አ. በ2021 ከመሬት ከፍ ብላ የተሠራችውን ሳንዴሮ ስቴፕዌይን ፈትኖ ከአምስት ኮከብ ሁለት ብቻ ሰጥቷታል። ነጥቧን በዋናነት የጎተተው የአደጋ መከላከያ ቴክኖሎጂው ነው፦ በፈተናው ጊዜ መኪናዋ ከመስመሯ ስትወጣ የሚመልሳት ሥርዓት አልነበራትም፣ የነበራት ራስ ገዝ ፍሬንም (አደጋ ሲቃረብ በራሱ የሚይዘው) ከፊት ያለን መኪና እንጂ እግረኛን አይለይም ነበር። አምራቹ እነዚህን ያስቀረው ዋጋ ለመቀነስ እንደሆነ ግልጽ ነው። ስክሪን ሲቀነስ የሚጎዳው የሾፌሩ ምቾት ነው፤ እግረኛን የሚለይ ፍሬን ሲቀነስ ግን የሚጎዳው በግዢው ላይ ምንም ድምፅ ያልነበረው ሰው ነው። እግረኛና መኪና አንድ አስፋልት በሚጋሩባቸው አገሮች ይህ ከኮከብ ቁጥር በላይ ይከብዳል፤ በዚህ መኪና ላይ ያለኝ ትልቁ ተቃውሞም ይኸው ነው።

ዋጋዋ ዝቅ ያለው ግን ዕቃ በመቀነስ ብቻ አይደለም። ሳንዴሮ የምትሠራበት፣ በታንጂር አቅራቢያ በመሉሳ የሚገኘው የሬኖ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 ሲመረቅ፣ ከታንጂር ሜድ ወደብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ እስከ ወደቡ ድረስ የራሱ ባቡር ሐዲድ ተዘርግቶለት ነው። ያለቀለት መኪና በፋብሪካው በር ባቡር ላይ ይወጣል፣ ከባቡር ወርዶ መርከብ ይገባል፤ ወደቡ ደግሞ ጊብራልታር ወሽመጥ ላይ፣ ከስፔን ዳርቻ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ የተሠራ ነው። ፋብሪካው ሁለተኛው የማምረቻ መስመር ከተጨመረለት ወዲህ በዓመት 340,000 መኪና የማውጣት አቅም አለው። የሚያስፈልገውን ሙቀት የሚያገኘውም የወይራ ፍሬ ዘርና የእንጨት ተረፈ ምርት ከሚያነዱ ማሞቂያዎች ነው፤ በዘይት መጭመቂያ ደጃፍ ይከመር የነበረ ተረፈ ምርት ለመኪና ፋብሪካ ነዳጅ መሆኑ በጣም አስደስቶኛል።

ከሐዲዱ እኩል የሚሠራው ወረቀቱ ነው። ሞሮኮ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ያደረገችው የአጋርነት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ላይ ሲውል፣ በኢንዱስትሪ ዕቃ ላይ የነበረውን ቀረጥ በ12 ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ለማንሳት ተስማምተው ነበር። ጊዜው ያለቀው በ2012 ነው፤ ፋብሪካው በተመረቀበት ዓመት ማለት ነው። ሳንዴሮ ወደ ፈረንሳይና ወደ ስፔን ስትገባ ቀረጥ የማትከፍለው በዚህ ስምምነት ነው። ነፃነቱ ግን ያለ ቅድመ ሁኔታ አይሰጥም፤ የምርት ምንጭ ደንብ የሚባል ነገር አለ። በአውሮፓና በሜዲትራኒያን አገሮች መካከል ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ደንብ፣ ከአካባቢው ውጭ የመጣው ዕቃ ከመኪናው የፋብሪካ ዋጋ 40 በመቶ እንዳይበልጥ ያስገድድ ነበር። በሌላ በኩል ከስምምነቱ አገሮች የመጣ ዕቃ እንደ አገር ውስጥ ዕቃ ሊቆጠር ስለሚችል፣ ከሮማኒያ ወይም ከስፔን የመጣ ክፍል ታንጂር ላይ ሲገጠም ለመኪናዋ መብት ይጨምርላታል እንጂ አይቀንስባትም። ይህ ደንብ አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን አቅራቢዎች ሞሮኮ መጥተው እንዲተከሉ ከማንኛውም የመንግሥት ልመና በላይ የገፋቸው እሱ ይመስለኛል።

አቅራቢዎቹም የመጡት ከፋብሪካው በኋላ ብቻ አይደለም። የጃፓኑ ያዛኪ ታንጂር ውስጥ የመኪና ሽቦ ጥቅል ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001፣ የሬኖ ፋብሪካ ከመመረቁ 11 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የሽቦ ጥቅል በመኪና ውስጥ ከባትሪ እስከ መብራት፣ ከሞተር እስከ ዳሽቦርድ የሚዘረጋው የተያያዘ ሽቦ ሲሆን፣ ዛሬም በአብዛኛው በሰው እጅ ተቆርጦ፣ በሰሌዳ ላይ ተዘርግቶ፣ ተጠቅልሎ የሚሠራ ነው። አገሪቱ በዚህ ሥራ እጇን አፍታታ፣ ጥራትንና ሰዓት መጠበቅን ተምራ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሙሉ መኪና አለፈች። እ.ኤ.አ. በ2023 የመኪናው ዘርፍ የወጪ ንግድ ከ141 ቢሊዮን ድርሃም በላይ ደርሶ፣ የአገሪቱ ነባር መታወቂያ ከሆነው ፎስፌት በልጧል።

በመንገዴ ላይ ያለችው ኬኒትራም የራሷ ፋብሪካ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ተመርቆ ፔጆ 208ን ማምረት ጀምሯል። በጉዞዬ መጨረሻ የደረስኩባት ካዛብላንካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው የሶማካ መኪና መገጣጠሚያ መኖሪያ ናት፤ ዳሲያ ሎጋን በዚህ አገር መገጣጠም የጀመረው በዚሁ ፋብሪካ በ2005 ነበር። ከሶማካ መቋቋም እስከ መሉሳ ምርቃት ከ50 ዓመት በላይ መሆኑን ለሚቸኩሉ ሁሉ ማስታወስ እወዳለሁ።

እኛም አምቼ የጭነት መኪና መገጣጠም ከጀመረ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖናል፤ ስለዚህ ንጽጽሩ ያመኛል። ሳንዴሮን ወዲህ ማምጣት አይቻልም፦ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። በምትኩ ለኤሌክትሪክ መኪና የተዘጋጀው ቀረጥ በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚገባው ከቀረጥ ነፃ ነው። አቅጣጫው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የተበተነን ዕቃ አስገብቶ መልሶ መግጠም አንድ ነገር ነው፣ ያንን መኪና ወይም ቢያንስ አንድ ክፍሉን ጎረቤት አገር በቀረጥ ነፃ መሸጥ ሌላ ነገር ነው። ወደ ጎረቤት ገበያ የሚያስገባን የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ይኸው አለ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 አጽድቃዋለች። ለመኪና የሚሆነው የምርት ምንጭ ደንብ ግን አባል አገራቱን ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። ደቡብ አፍሪካና ሞሮኮን የመሰሉ አምራቾች ደንቡ እንዲጠብቅ፣ ገና ጀማሪ የሆኑት እንዲላላ ቢፈልጉ ተፈጥሯዊ ነው፤ የእኛ ተደራዳሪዎች ይህን ክርክር የሌሎች ጉዳይ አድርገው እንዳይተዉት እመኛለሁ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን የኤሌክትሪክ ባቡር አለን፤ በሀዋሳም በስፌት ሥራ ሰዓትና ጥራት መጠበቅን የለመደ እጅ አለ። ሙሉ መኪና ከመመኘታችን በፊት የሽቦ ጥቅል ሠርተን ለአንድ የአፍሪካ ፋብሪካ ብናቀርብ፣ ታንጂር የጀመረችበት ደረጃ ላይ ነው የምንቆመው።

ካዛብላንካ ስደርስ በቀይ ቀለማቸው የሚታወቁት የከተማዋ ትንንሽ ታክሲዎች ከበቡኝ፤ ብዙዎቹ ሎጋን ነበሩ። መኪናዋን ከማስረከቤ በፊት ነዳጅ ስሞላ የበላችው 20 ሊትር ገደማ ሆኖ አገኘሁት፤ ለ340 ኪሎ ሜትር የፈጣን መንገድ ጉዞ መጥፎ አይደለም። ለአነስተኛ ቤተሰብ፣ በተለይም መለዋወጫዋ በየጎሚስታው በሚገኝበት አገር ለሚኖር ሰው፣ ሳንዴሮን ሳላመነታ እመክራለሁ። የሚገዛት ሰው ግን በዝቅተኛው ደረጃና በሚቀጥለው መካከል ሲመርጥ፣ በስክሪኑና በጎማው ቸርኬ ላይ የሚቆጥበውን ገንዘብ ቆጥቦ ከመፈረሙ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ በዚህች መኪና ላይ የተገጠመው ራስ ገዝ ፍሬን እግረኛ ይለያል ወይስ አይለይም? መልሱ አይለይም ከሆነ፣ ጥቂት ጨምሮ የሚለየውን ይውሰድ።