«1600 ጊዜ ያጎላል» የተባለው የተማሪ ማይክሮስኮፕ፦ 400ው ይበቃችኋል

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «1600 ጊዜ ያጎላል» ይላል። እሱን እርሱት። ማይክሮስኮፑን የገዛሁት ባሕር ዳር ነው። አሁን ደብረ ማርቆስ፣ ቤትም ክፍልም እየተጠቀምኩበት ነው። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ የወር ደሞዜን ግማሽ ገደማ ስለበላ ዝም ብዬ አላልፈውም።

መጀመሪያ የቁጥሩን ነገር እንጨርስ። 1600 የሚመጣው ባለ 16ቱን የዓይን ሌንስ በታችኛው ባለ 100 ሌንስ ስታባዙት ነው። ሒሳቡ ልክ ነው። ግን ባለ 100ው ሌንስ ያለ ልዩ ዘይት በቅጡ አያሳይም፤ ዘይቱ ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ የለም። ቢኖርም ብርሃን ራሱ ወሰን አለው። ኧርንስት አበ የተባለ ጀርመናዊ ይህን በ1873 አስረድቷል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ከ0.2 ማይክሮሜትር (አንድ ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው) ገደማ በታች የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ አያሳይም። ከዚያ ወዲያ የሚጎላው ብዥታው ነው። ራይቦዞም፣ ማለትም ሴል ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራው ደቃቅ አካል፣ በብርሃን ፈንታ በኤሌክትሮን የሚሠራው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እስኪመጣ ድረስ አልታየም፤ ጆርጅ ፓላዴ የገለጸው በ1955 ነው። ካርቶኑን ያሳተመው ሰውዬ ይህን የሰማ አይመስልም።

400ው ግን፣ ባለ 10 የዓይን ሌንስ በባለ 40ው የታችኛው ሌንስ ሲባዛ ማለት ነው፣ ግሩም ነው። የሽንኩርት ስስ ልጣጭ ላይ ከፋርማሲ የተገዛ አዮዲን ጠብ አድርጉበት። የሴሎቹ ግድግዳ ቁልጭ ይላል፣ ኒውክለሱም (የሴሉ አስኳል) በየሴሉ ይታያል።

እኔን የማረከኝ ግን ጠላ ነው። ጎረቤቴ እማማ ከጠመቁት ጠላ አንድ ጠብታ ወሰድኩ፣ በውኃ አቀጠንኩና በስስ መስታወት ከደንኩት። እርሾዎቹ ሞላላ ናቸው፣ ጠርዛቸው ጥርት ያለ። አንዳንዶቹ ጎናቸው ላይ ትንሽ እብጠት አለች። እሷ ልጅ ናት፤ አድጋ ትገነጠላለች። በመሃላቸው ደግሞ ደቃቅ ነጥቦች ይንቀጠቀጣሉ። ሁሉም እየዋኙ እንዳይመስላችሁ፤ አብዛኞቹን የሚገፋቸው የውኃው ሞለኪውል ነው። እማማ ዓይናቸውን አስጠግተው ትንሽ ቆዩና «ኧረ የማርቆስ ያለህ! ይኸን ሁሉ ነፍስ ነው ስንጠጣ የኖርነው?» አሉ። «አዎ እማማ» አልኳቸው፤ ሌላ ምን ይባላል።

የሴል ታሪክም ግማሹ እዚሁ እርሾ ውስጥ ነው። አንቶኒ ቫን ሊዌንሁክ ሆላንድ ውስጥ የደልፍት ከተማ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። በ1680 የቢራ እርሾን ራሱ በሠራት ባለ አንድ ሌንስ መሣሪያ አየ። ድቡልቡል ነገሮች መሆናቸውን ጻፈ፤ ሕይወት አላቸው ብሎ ግን አላሰበም። ለዚያ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈጀ። ፈረንሳይ ውስጥ ካኛር ላቱር፣ ጀርመን ውስጥ ቴዎዶር ሽቫን፣ ለየብቻቸው፣ በ1837 ገደማ እርሾ ሕያው ነው አሉ። ከዚያ ሽላይደን በ1838 ዕፅዋት፣ ሽቫንም በ1839 እንስሳት ከሴል የተሠሩ ናቸው ብለው ጻፉ።

የሚገርመው፣ አዲስ ሴል ከየት ይመጣል ሲባል ሁለቱም ስተዋል። ከፈሳሽ ውስጥ እንደ ክሪስታል እየረጋ ይወጣል ነው ያሉት። ሮበርት ሬማክ የተባለ ተመራማሪ ሴል ሲከፈል እያየ ተሟገታቸው። ጀርመናዊው ሐኪም ፊርኾ በ1855 «ሴል ሁሉ ከሴል ነው» አለና ስሙ እሱ ዘንድ ቀረ። ሬማክን ዛሬ የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው፤ እኔ ክፍል ውስጥ ሆን ብዬ አነሳዋለሁ። ፈረንሳዊው ፓስተር ደግሞ በ1860ዎቹ መባቻ ሾርባ አፍልቶ፣ አንገቱ ረጅምና ጥምዝ በሆነ ብልቃጥ አስቀመጠ። አየር ይገባል፣ አቧራው ግን ጥምዙ ላይ ይቀራል። ሾርባው ሳይበላሽ ቆየ። አንገቱ ሲሰበር ደፈረሰ። ደቂቅ ሕይወት ከሾርባው ራሱ አይፈጠርም፣ ከውጭ ይገባል ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ሳስተምር አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ሴል ሁሉ ከሴል ከሆነ የመጀመሪያውስ?» አለችኝ። እዚህ ላይ ማይክሮስኮፑ ዝም ይላል። ስለ ስታንሊ ሚለር ነገርኳት። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሃሮልድ ዩሪ ተማሪ ነበር። ሚቴን፣ አሞኒያ፣ ሃይድሮጅንና የውኃ እንፋሎት በመስታወት ዕቃ ዘግቶ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ለቀቀበት። በቀናት ውስጥ ውኃው ቀላ፣ ፕሮቲን የሚገነባበት አሚኖ አሲድም ተገኘበት። ውጤቱ በ1953 ታተመ። ጡቡ ተገኘ ማለት ነው፤ ቤቱ እንዴት እንደቆመ ገና እየተፈለገ ነው። የጥንቷ ምድር አየር እንደ ሚለር ዕቃ ነበር ወይ የሚለውም ያከራክራል። ልጅቷ ብዙም አልረካችም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። የፎከስ ማዞሪያው ፕላስቲክ ነው፣ ይላላል። ላልቶ ሌንሱ በራሱ ቀስ እያለ ይወርድና ስላይድ (ናሙናው የሚቀመጥበትን መስታወት) ይሰብራል። ልቀይረው ብዬ ብመለስ ባለ ሱቁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ሸኘኝ። አብረውት የመጡት ዝግጁ ስላይዶች ቀለማቸው የደበዘዘ ነው፣ ለጌጥ ናቸው። የስልክ ማሰሪያው ግን ጥሩ ነው፤ አንዱ ስልክ ላይ ሲታይ ክፍሉ ሁሉ ይንጋጋል። መብራት ሲጠፋም ከሥሩ አምፖሉን አንስታችሁ መስተዋቱን ትገጥማላችሁ። ሰማዩ ላይ አዙሩት እንጂ ፀሐይዋ ላይ እንዳታደርጉት፤ ዓይን ያጠፋል።

ለቤት ወይም ለትንሽ ትምህርት ቤት ይሆናል፤ ለክሊኒክ አይሆንም። ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ባለ 40ውን ሌንስ አስገጥሙ። የራሳችሁን ፀጉር አንዲት ዘለላ ስላይድ ላይ አድርጉና ፎከሱን አስተካክላችሁ እጃችሁን ልቀቁ። ምስሉ በራሱ ከጠፋ ማዞሪያው ልል ነውና ሌላ አውጡልኝ በሉ።