ሰፊ ክፈፍ ወይስ ንጹሕ ገበር? ሦስት አሮጌ የፌልት ባርኔጣዎች ጎን ለጎን

ሦስት ባርኔጣዎች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል እንበል። የመጀመሪያው ግራጫ ነው፤ አናቱ ረጅም፣ ክፈፉ ሰፊ፣ ሪባኑ በላብ የጠቆረ፣ ገበሩም የተቀደደ። ሁለተኛው ቡናማ ነው፤ ትናንት ከሳጥኑ የወጣ ይመስላል፣ ገበሩ ላይም የታወቀ ስም በወርቃማ ቀለም ታትሞበታል፤ ነገር ግን አናቱ አጭር ነው፣ ክፈፉም ሦስት ጣት አይሞላም። ሦስተኛው ጥቁርና ወፍራም የሱፍ ባርኔጣ ሲሆን ከሁሉም ርካሽ ነው። ሻጩ ሦስቱንም «የ1940ዎቹ ናቸው» ይላል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የአሮጌ ባርኔጣ ሻጮች ይህችን ዐሥርት ዓመት ሲወዷት ለጉድ ነው።

ብዙ ሰው እጁን የሚሰደው ወደ ሁለተኛው ነው። እኔም የመጀመሪያ ግዢዬን ያደረግሁት እንደዚያ ነበር። ንጽሕናውና ስሙ አታለለኝ፤ ክፈፉን በእንፋሎት አለስልሼና ስቤ አሰፋዋለሁ ብዬም ተስፋ አድርጌ ነበር። አልሰፋም፤ ዙሪያው ተወላገደ እንጂ። ዛሬ ብጠየቅ የምመርጠው የተጎሳቆለውን ግራጫ ነው። ፌልት ይቆረጣል እንጂ አይቀጠልም፤ ረጅም አናት ዝቅ ይላል፣ አጭሩ ግን ከፍ አይልም።

ከምን ተሠራ?

ፌልት አልተፈተለም፣ አልተሸመነም። የፀጉር ወይም የሱፍ ዘለላዎች በሙቅ ውኃ፣ በእንፋሎትና በግፊት እርስ በርስ ተቆላልፈው የሚሠራ ጨርቅ ነው። ለባርኔጣ የሚውለው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ከጥንቸል፣ ከዱር ጥንቸል ወይም ከቢቨር (ውኃ ዳር ከሚኖር ፀጉራም እንስሳ) ውስጠኛ ለስላሳ ፀጉር የሚሠራው፣ ሌላው ከበግ ሱፍ የሚሠራው። በስም ሁለቱም ፌልት ይባላሉ፤ በሥራ ላይ ግን አይገናኙም።

ግራጫውንና ጥቁሩን በሁለት እጅ ይዞ ክፈፋቸውን በጣት መዳሰስ ይበቃል። የፀጉር ፌልት ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ነው፤ ገጹ እንደ ሐር ይንሸራተታል፣ በቀስታ ጎንበስ አድርገው ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። የሱፍ ፌልት ደግሞ ወፈር ያለ፣ ስፖንጅ መሰል፣ ገጹም የደበዘዘ ነው። ቀጥ ብሎ ቢቆም እንኳ ያቆመው ብዙውን ጊዜ ማጠንከሪያ ነው። ዝናብ ሲያገኘው ክፈፉ ይዝላል፤ ሲደርቅ አናቱ ይሸበሸባል፣ ቁጥሩም ይጠባል። ሱፍን ማጥላላቴ ግን አይደለም። እንፋሎት መለማመጃ የሚፈልግ ሰው ጥቁሩን ይግዛ፤ ቢያበላሸው የሚያስቆጨው አይሆንም።

ገበሩ ላይ የታተመውን የኤክስ (X) ምልክት ብዛት እያዩ ጥራትን መፍረድ ትልቅ ስሕተት ነው። ምልክቱ ለሁሉም ፋብሪካ የሚሠራ አንድ መለኪያ ኖሮት አያውቅም፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ ሚዛን ያትመው ነበር፣ ቁጥሩም ከዘመን ወደ ዘመን እያበጠ መጥቷል። የድሮ ባለ ጥቂት ኤክስ ባርኔጣ ዛሬ ብዙ ኤክስ ከተደረደረበት ሊበልጥ ይችላል። «የቢቨር ደረጃ» የሚል ጽሑፍም ባርኔጣው በሙሉ ከቢቨር ተሠራ ማለት አይደለም። ከማኅተም ይልቅ ጣትን ማመን ይሻላል።

ዕድሜውን ማን ይመስክር?

ዋናው ማስረጃ የሚገኘው ከላብ ቆዳው ጀርባ ነው፤ በውስጥ በኩል ግንባር ላይ የሚያርፈውን የቆዳ ዙሪያ ማለቴ ነው። ከኋላ በኩል በቀስታ ገልበጥ ሲያደርጉት ትንንሽ ወረቀቶች ይገኛሉ፤ የቁጥር ምልክትና፣ አሜሪካ ሠራሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ፣ የሠራተኞች ማኅበር ወረቀት። «የሰሜን አሜሪካ የተባበሩት ባርኔጣ ሠሪዎች» የተባለው ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1934 ከኮፍያና ከሴቶች ባርኔጣ ሠሪዎች ማኅበር ጋር ተዋሕዶ ስሙ ረዘመ። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የኮፍያ ሠሪዎች ስም ከተጨመረ ባርኔጣው ከ1934 አይቀድምም። ይህ በአንድ ደቂቃ የሚታይ ነገር ነው፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ አላየውም።

አድራሻም ይናገራል። በገበሩ፣ በቆዳው ወይም በሳጥኑ ላይ የሱቅ አድራሻ ታትሞ ከሆነ የፖስታ ቁጥሩን ይመልከቱ። በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ ከከተማው ስም ቀጥሎ የአንድ ወይም የሁለት አኃዝ የፖስታ ቀጣና ይጻፍ ነበር፤ ባለ አምስት አኃዙ ኮድ የመጣው በ1963 ነው። ባለ አምስት አኃዝ ኮድ የታተመበት «የ1940ዎቹ» ባርኔጣ ከቀረበልዎ ፈገግ ብለው ይመልሱት።

የታወቀ ስም ከዕድሜ ይልቅ ስለ ፋብሪካው ታሪክ ይነግረናል። ቦርሳሊኖ በጣሊያን አሌሳንድሪያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1857 ተመሠረተ፤ ስቴትሰን በፊላደልፊያ በ1865። ሁለቱም ከመቶ ዓመት በላይ ስላመረቱ ስሙ ብቻውን ምንም አይለይም። የስቴትሰን የፊላደልፊያ ፋብሪካ በ1971 ተዘግቶ ስሙ በፈቃድ ሌሎች የሚያመርቱበት ሆኗል፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ስም የያዙ ሁለት ባርኔጣዎች ከተለያዩ እጆች የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

ቅርጽ ሦስተኛው ምስክር ነው፤ ግን ቃሉን የሚያጥፍ ምስክር። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ አናቱ፣ ስርጉዱ (ላዩ ላይ በእጅ የሚበጀው ጎድጓዳ) ሳይቆጠር፣ እስከ 14 ሴንቲሜትርና ከዚያም በላይ ይደርስ ነበር፤ ክፈፉ ስድስት፣ ሰባት ሴንቲሜትር ይሰፋል። በ1950ዎቹ መገባደጃና በ1960ዎቹ አናቱ አጠረ፣ ወደ ላይም ጠበበ፤ ክፈፉ ከአምስት ሴንቲሜትር በታች ወረደ። ቡናማው ባርኔጣችን እንግዲህ የዚያኛው ዘመን ልጅ ነው፤ ሻጩ ሃያ ዓመት ያህል ጨምሮለታል። (ባርኔጣን ያጠፋው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1961 በዓለ ሲመቱ ላይ ባዶ ራሱን መታየቱ ነው የሚባለውን ወሬ አትመኑ፤ በዚያ ቀን ረጅሙን የክብር ባርኔጣ አድርጎ ነበር፤ ክፈፎችም ከእርሱ በፊት መጥበብ ጀምረው ነበር።) ሰፊ ክፈፍ ግን በ1970ዎቹም ተመልሶ መጥቷል። ስለዚህ ስፋት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ከወረቀቱና ከአድራሻው ጋር ይታይ።

ተቀያይሮ የተሰፋም አለ። ባርኔጣ አዳሾች የላብ ቆዳና ሪባን ይለውጡ ስለነበር ቆዳው ከፌልቱ በዕድሜ ሊያንስ ይችላል። ቆዳው በተሰፋበት መስመር ላይ ክር የሌላቸው ሌሎች የመርፌ ቀዳዳዎች ከታዩ ያ ቆዳ የመጀመሪያው አይደለም።

ዕድሜ ለክብር ብቻ አይደለም

ዕድሜን ማወቅ የሚያስፈልገው ለሰብሳቢ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ነገሩ ከዚያ ያለፈ ነው። የፀጉር ፌልት ሲሠራ ለረጅም ዘመን ሜርኩሪ፣ ማለትም ባዜቃ፣ ያለበት ኬሚካል ይቀባ ነበር። የአሜሪካ ባርኔጣ ሠሪዎች ከተማ በነበረችው በዳንበሪ ሠራተኞቹ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ይታመሙ ስለነበር ሕመሙ «የዳንበሪ ንቅጥቅጥ» እስከ መባል ደርሶ ነበር። አሠራሩ በአሜሪካ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1941 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ባርኔጣ ውስጥ የኬሚካሉ ቅሪት ሊኖር ስለሚችል በዝግ ክፍል በእንፋሎት ማለስለስም ሆነ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ አይገባም። እንደ ነበረ ይቀመጥ፤ የግድ ከሆነ ለባለሙያ ይሰጥ።

ስለዚህ ቅርጹን በገዛ እጁ ሊቀይር ለሚያስብ ሰው የምመክረው ከ1941 በኋላ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ የተሠራ የአሜሪካ ባርኔጣ ነው። ሰፊ ክፈፍና ረጅም አናት ገና ነበሩ፣ በሜርኩሪ መሥራት ግን ቆሟል።

ቅርጽ ሲቀየር

ግራጫውን ገዛን፣ ከ1941 በኋላ የተሠራ መሆኑንም አረጋገጥን እንበል። ከሁሉ በፊት የላብ ቆዳውን ወደ ውጭ መገልበጥ ነው፤ እንፋሎት ያገኘው አሮጌ ቆዳ ይኮማተራል፣ ከተኮማተረም አይመለስም። ከዚያ ማንቆርቆሪያው ሲንተከተክ አናቱን ከእንፋሎቱ በላይ ለጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ ሲለሰልስ የድሮውን ስርጉድ ከውስጥ በእጅ መግፋትና አዲሱን ማበጀት፣ እስኪቀዘቅዝም ይዞ መቆየት። ፌልት ቅርጹን የሚይዘው ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ ነው፤ የሚቸኩል ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል። የፀጉር ፌልት በዚህ መንገድ እንደ ሊጥ ይታዘዛል። ሱፉ ግን ከእጅ በላይ ይፈልጋል፤ የእንጨት ፎርማ ላይ ካልተወጠረ ስርጉዱ ቀስ እያለ ይመለሳል።

ክፈፉን ለማጥበብ መቀስ ከመንሣት በፊት ጠርዙን ይመርምሩ። ያልተሸፈነ ጠርዝ በቀላሉ ይቆረጣል። በሪባን የተከፈፈው ሪባኑ ተፈትቶ፣ ተቆርጦ፣ እንደገና መሰፋት አለበት። ወደ ላይ ታጥፎ ያለ ስፌት ከራሱ ጋር የተዋሐደ ጠርዝ ግን በባርኔጣ ሠሪው በጆን ካቫና ስም የሚጠራው ነው፤ ይህን መቁረጥ ነውር ነው፣ እንደገና የሚሠራልዎ አያገኙምና።

የትኛው ጉድለት ይታለፋል?

የጠቆረ ሪባንና የተቀደደ ገበር አያስፈሩ፤ ሁለቱም ይለወጣሉ። ብል ገጹን ብቻ ልጦት ከሆነ፣ ባርኔጣው ከ1941 በኋላ የተሠራ እስከሆነ ድረስ፣ በብሩሽና በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ይደበቃል፤ ወደ ብርሃን ሲያዙት ቀዳዳ ከታየ ግን ይተዉት። ከሁሉ የከፋው አናቱ ፊት ላይ፣ በሁለት ጣት ተቆንጥጦ በሚነሣበት ቦታ፣ የሚገኘው ስንጥቅ ነው። በእንፋሎት ይባስ ይከፈታል፤ ጥገናውም ሁልጊዜ ይታያል። ጠንክሮ የሚሰነጣጠቅ የላብ ቆዳ በባለሙያ ይለወጣል፤ የሚያወጣው ግን ከባርኔጣው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ቁጥሩን በተመለከተ የተጻፈውን አትመኑ፣ ውስጡን በሜትር ለኩ። ቆዳው በዕድሜ ይጠባል። ደግሞም 58 ሴንቲሜትር የሆነው ራስ በአሜሪካ 7 1/4፣ በእንግሊዝ 7 1/8 ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው አንድ ቁጥር ይሳሳታል። ትንሽ የጠበበ ባርኔጣ በመወጠሪያ ግማሽ ቁጥር ያህል ይለቃል፤ ከዚያ በላይ ከተገፋ የቆዳው ስፌት ይተረተራል። የሰፋ ባርኔጣ ግን ከቆዳው ጀርባ ቀጭን ፌልት ሲጠቀጠቅበት ልክ ይሆናል፤ በሁለት ቁጥር መካከል የዋለለ ሰው ትልቁን ይውሰድ።

ቡናማውስ? ፊቱ ቀጠን ላለና እንዳለ ለሚያደርገው ሰው ቆንጆ ባርኔጣ ነው። ያን ሰው አይንኩት፣ ባርኔጣውንም በእንፋሎት አያስጨንቁት፤ ዋጋውን ብቻ እንደ 1960ዎቹ ባርኔጣ ይደራደሩ።