የናፍጣ ፓምፕ ወይስ የሶላር ፓምፕ?

ግልገል ዓባይ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ዘመዴ የትኛውን ልግዛ ብሎ ጠየቀኝ።

ዋጋ፦ ናፍጣው ሲገዛ ይረክሳል፣ ነዳጁ ግን ወጪው አያልቅም። ሶላሩ መጀመሪያ ኪስ ይጎዳል።

ደመና፦ ናፍጣው ይሻላል።

ጤና፦ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን በ2012 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ ሞተሩ አጠገብ የሚውሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጆቻችን ናቸው። የፈሰሰው ናፍጣም ወደ ጉድጓድ ይሰርጋል። ቀድሞ ነዳጅ ይመረትባት በነበረችው የናይጄሪያዋ ኦጎኒላንድ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የተባበሩት መንግሥታት ጥናት፣ ሰው ከሚጠጣው ጉድጓድ ውስጥ ቤንዜን የተባለውን መርዝ ከሚፈቀደው 900 እጥፍ በላይ አግኝቷል።

ሰፊ ማሳ ከወንዝ ለሚያጠጣ ለጊዜው ናፍጣ፣ ከቤት ርቆ። ከጓሮ ጉድጓድ ለሚጠጣና ለሚያጠጣ ግን ሶላር።