የጃቫስክሪፕት ቁጥር መፈተሻዎች፦ እኔ ኢዝፋይናይትን ነው የምመርጠው

ፎርም ላይ ሰው የሚሞላውን ብርና ብዛት ተቀብሎ ሂሳብ የሚሰራ ነገር በጃቫስክሪፕት የምትሰሩ ካላችሁ ይሄ ሪቪው ለናንተ ነው፣ ሶስቱንም መፈተሻ (isNaN፣ Number.isNaN፣ Number.isFinite) ስራ ላይ አይቻቸዋለሁ።

አሮጌውን ኢዝናን፣ ማለትም የገባው ናን (NaN፣ "ቁጥር አይደለም" የሚለው ዋጋ) ነው ወይ ብሎ የሚጠይቀውን፣ በፍጹም አልመክርም። የሰጣችሁትን መጀመሪያ ራሱ ወደ ቁጥር ይቀይረውና ከዛ ነው የሚፈትሸው፣ ስለዚህ ባዶ ስትሪንግ (ጽሁፍ) ሲገባለት 0 አድርጎት ያሳልፈዋል፣ ነልም (null፣ "ምንም የለም" የሚለው ዋጋ) እንደዛው። ዋጋ ሳይሞላ ሰብሚት ያደረገ ሰው እቃውን በነጻ ወሰደ ማለት እኮ ነው።

በ2015 ከኢኤስ6 (ከጃቫስክሪፕት አዲስ እትም) ጋር የመጣው ነምበር ዶት ኢዝናን ምንም አይቀይርም፣ የገባው ራሱ ናን ከሆነ ብቻ ትሩ ይላል። ናን ከራሱ ጋር እንኳን እኩል ስለማይሆን በእኩል ምልክት ማወዳደር አይሰራም፣ የዳታውን አይነት የሚናገረው ታይፕኦፍም ነምበር (ቁጥር) ነው የሚላችሁ፣ ስለዚህ ይሄ ያስፈልጋል። ግን ፊደል ብቻ ያለበት ስትሪንግ ስትሰጡት ፎልስ (ናን አይደለም) ብሎ ያሳልፈዋል፣ ለ0 ስታካፍሉ የሚመጣውን ኢንፊኒቲም አይይዝም።

ነምበር ዶት ኢዝፋይናይት ግን ናኑንም ኢንፊኒቲውንም ስትሪንጉንም ነሉንም በአንዴ ፎልስ (ትክክለኛ ቁጥር አይደለም) ብሎ ውድቅ ያደርጋቸዋል። በቃ እሱን ተጠቀሙ።

ዋናው ጣጣ ግን ከመፈተሻው በፊት ነው ያለው። ደንበኛው 1,500 ብሎ በኮማ ጻፈ እንበል፣ ስትሪንግን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ፓርስፍሎት ኮማው ጋ ሲደርስ ያቆምና 1 ብሎ ይሰጣችኋል፣ 1 ደግሞ ደህና ቁጥር ስለሆነ የትኛውም መፈተሻ አይዘውም፣ 1,500 ብር በ1 ብር ተመዘገበ። ነምበር በሚለው ፈንክሽን ብትቀይሩት ናን ነው የሚሆነው፣ ቢያንስ ይታወቃል። ስለዚህ ትሪም አድርጉ (ከፊትና ከኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ቁረጡ)፣ ባዶ ከሆነ እዛው መልሱት፣ የሺ ኮማውን አውጡ፣ በነምበር ቀይሩ፣ ከዛ ኢዝፋይናይት። በግዕዝ ቁጥር ፭፻ ብሎ የሚጽፍ ተጠቃሚ ካላችሁ ደግሞ ነምበር አያውቀውም፣ ናን ይላል፣ መቀየሪያውን ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ።

እና ፍሮንትኤንድ ላይ ፈትሻለሁ ብላችሁ ባክኤንዱን (ሰርቨሩን) አትተዉት፣ ናን በጄሰን ስትሪንጊፋይ (ዳታን ለመላክ ወደ ጽሁፍ በሚቀይረው ፈንክሽን) ሲላክ ነል ሆኖ ነው የሚደርሰው፣ እዛ አሮጌው ኢዝናን ከጠበቀው እንደገና 0 ሆኖ ያልፍላችኋል።