የመኪናዬን ቤዝ ላስተካከለልኝ ወጣት ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ድምፅ መሣሪያ በመግጠም ለሚተዳደር አንድ ወጣት ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ እንዲሁም መኪናቸው ላይ ሰብውፈር (ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ለማስገጠም የሚያስቡ ወገኖች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት እንዲያማክሩት ለመጠቆም ነው። ለምስጋና ብቻ ቢሆን ሁለት መስመር ይበቃ ነበር። ሥራውን እንዴት እንደሠራው ካልዘረዘርኩ ግን ጥቆማዬ «ጎበዝ ነው፣ ሂዱለት» ከማለት ስለማያልፍ ትንሽ እንድረዝም ፍቀዱልኝ።

መኪናዬ ቶዮታ ቪትዝ ናት። ቀደም ሲል በሌላ ሱቅ፣ ባለ 12 ኢንች ሰብውፈር ተሠርቶ ከሚሸጥ ሳጥን ጋር ተገጥሞልኝ ነበር። ሳጥኑ ከኋላ ያለውን የዕቃ ቦታ ጠቅልሎ መያዙ ሳያንስ፣ ድምፁ ኃይለኛ ይሁን እንጂ ለዛ አልነበረውም። ቤዝ ጊታሩ የትኛውንም ኖታ ቢመታ የሚሰማኝ ያው አንድ ጉምጉምታ ነው፤ ከበሮው ከጊታሩ ተለይቶ አይታወቅም፤ ዜማው ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ድምፁ ይጠፋና ስፒከሩ ብቻውን ሲርገበገብ ይታያል። የገጠሙልኝን ሰዎች ብጠይቃቸው አምፕሊፋየሩን በትልቅ እንድቀይር መከሩኝ።

ወጣቱ ባለሙያ ዘንድ ስሄድ መጀመሪያ ያወጣው ስልኩን ነበር። ነጠላ የጠራ ድምፅ የሚያወጣ መተግበሪያ ከፍቶ ከቴፑ ጋር አገናኘና፣ ከ80 ኸርዝ (ድምፅ በሴኮንድ የሚርገበገብበት ብዛት፣ ማለትም የድግግሞሽ መለኪያ) ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ታች እየወረደ የስፒከሩን ወረቀት፣ ማለትም የሚርገበገበውን የፊት ክፍሉን፣ ትኩር ብሎ ይመለከት ጀመር። 52 ኸርዝ ገደማ ሲደርስ ወረቀቱ ቆመ ማለት ይቻላል፤ ድምፁ ግን በዚያው ቅጽበት ከሳጥኑ ቱቦ ከሁሉም በላይ ጎልቶ ይወጣ ነበር። ከዚያ በታች ሲወርድ ወረቀቱ ከልክ በላይ መወዛወዝ ጀመረ። «ጋሼ፣ ይህ ሳጥን የተቃኘው 52 ላይ ነው፤ ስፒከሩን አይውቀሱት» አለኝ።

ያስረዳኝም እንዲህ ነበር። ጠርሙስ አፉ ላይ ሲነፋ የራሱን ድምፅ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ቱቦ ያለው ሳጥንም የራሱ ቅኝት አለው፤ ቅኝቱን የሚወስኑት የሳጥኑ ይዘት፣ የቱቦው ስፋትና ርዝመት ናቸው። በቅኝቱ አካባቢ ቱቦው ስፒከሩን ያግዘዋል። ከቅኝቱ በታች ግን በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ለስፒከሩ መደገፊያ መሆኑ ስለሚቀር፣ የረባ ድምፅ ሳይወጣ ወረቀቱ ብቻ ይወዛወዛል፤ ሲብስም ስፒከሩ ይጎዳል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ጣት ሳይያዝበት ሲመታ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ስለዚህ 52 ላይ የተቃኘ ሳጥን የጊታሩን የታችኛውን ክፍል ይጥለዋል ማለት ነው።

ታዲያ ቅኝቱን ለምን ዝቅ አናደርገውም ብዬ ጠየቅኩት። ሜትሩን አውጥቶ ለካ፦ ሳጥኑ 40 ሊትር ያህል ይይዛል፤ የቱቦው ዲያሜትር 10 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 14 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ቅኝቱ ወደ 34 ኸርዝ እንዲወርድ ይኸው ቱቦ 44 ሴንቲ ሜትር ያህል መርዘም እንዳለበት በካልኩሌተር አሳየኝ፤ ይህን የሚያህል ቱቦ ደግሞ እዚያ ሳጥን ውስጥ አይገባም። ቱቦውን ማጥበብ ርዝመቱን ያሳጥረዋል፤ ነገር ግን ድምፁ ከፍ ሲል አየሩ በጠባቡ ቱቦ ሲመላለስ ያፏጫል።

ከዚህ በኋላ የሰጠኝ ምክር የራሱን ገቢ የሚቀንስ ነበር፦ ቱቦ የሌለው፣ ሙሉ በሙሉ የታሸገ ትንሽ ሳጥንና ባለ 10 ኢንች ሰብውፈር። ምክንያቱ ያለው ከመኪናዋ ቅርፅ ላይ ነው። የታሸገ ሳጥን ከተወሰነ ድግግሞሽ በታች ድምፁ በየኦክታቩ (ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር) 12 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) እየቀነሰ ይወርዳል። በተዘጋ መኪና ውስጥ ግን የድምፁ ግማሽ ሞገድ ከውስጠኛው ርዝመት ሲበልጥ መኪናዋ ራሷ ቤዙን ታጎላዋለች፤ ከፊት መስታወት እስከ ኋላ በር 2.5 ሜትር ገደማ ከሆነ ይህ የሚጀምረው 69 ኸርዝ አካባቢ ሲሆን፣ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ጭማሪውም ያው በኦክታቭ 12 ዴሲቤል ነው። አንዱ ያጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። በተግባር በሮቹና የጎማ ጥብቆቹ አየር ስለሚያሾልኩ ጭማሪው ያን ያህል አይደርስም፤ ቢሆንም የቪትዝ የዕቃ ቦታ ከተሳፋሪው ክፍል ጋር አንድ በመሆኑ ጥቅሙ በግልጽ ይሰማል። የዕቃ ቦታው በወንበርና በብረት ለተለየ መኪና ምክሩ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ነግሮኛል።

ስፒከሩን ለመግዛት ሶማሌ ተራ ድረስ አብሮኝ ሄደ። ካርቶኑ ላይ በትልልቁ የታተመውን 1200 ዋት ዞር ብሎም አላየው፤ ስፒከሩ ሳይጎዳ በዘላቂነት የሚችለው፣ አርኤምኤስ የሚባለው ኃይል 300 ዋት መሆኑን ከውስጥ ካለው ወረቀት ላይ አሳየኝ። ከዚያ የፈለገው ሦስት ቁጥሮችን ነው፦ ኤፍኤስ፣ ማለትም ስፒከሩ ያለ ሳጥን የሚያስተጋባበትን ድግግሞሽ፤ ኪውቲኤስ፣ ማለትም እንቅስቃሴው ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሳየውን፤ ቫስ፣ ማለትም የስፒከሩ ልስላሴ ከስንት ሊትር አየር ጋር እኩል እንደሆነ የሚናገረውን። እነዚህ መለኪያዎች አውስትራሊያ ውስጥ በሠሩት በኔቪል ቲሌና በሪቻርድ ስሞል ስም የሚጠሩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1961፣ ሁለተኛው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካሳተሙ ወዲህ ሳጥን በግምት የሚሠራበት ምክንያት የለም። ቁጥሮቹ ያልተጻፉለትን ስፒከር፣ ዋጋው በጣም የሚስብ ቢሆንም፣ ለሻጩ መልሶ ሰጠው።

የገዛነው ስፒከር ኤፍኤስ 32 ኸርዝ፣ ኪውቲኤስ 0.48፣ ቫስ 30 ሊትር ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ ጠቅላላ ኪው (የስፒከሩና የሳጥኑ ጥምር የመገታት ልክ) 0.707 እንዲሆን፣ ማለትም ቤዙ ሳያብጥና ሳይሳሳ እኩል እንዲሄድ፣ 0.707ን ለ0.48 አካፈለ፤ የተገኘውን በራሱ አባዛ፤ 1 ቀነሰና በቀረው 1.17 ቫስን ሲያካፍል 26 ሊትር ገደማ መጣ። እኔ ስሌቱ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቀጠለ፦ በመለኪያ ወረቀቱ ላይ ያለው ቫስ የሚሰላው በባሕር ወለል የአየር ግፊት ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ግፊቷ የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ በታሸገው ሳጥን ውስጥ እንደ ሞላ የሚያገለግለው አየርም ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ለዚያው ውጤት ያነሰ ሳጥን ይበቃል። 30ው ሊትር ወደ 23፣ ሳጥኑም ወደ 20 ሊትር ወረደ። ይህን ሲናገር የሰማሁት ገጣሚ ከእሱ ሌላ የለም፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግማሹ ምክንያት ይኸው ነው። ወደ ድሬዳዋ ብወርድስ ብለው፣ ኪው ወደ 0.73 ከፍ እንደሚልና ልዩነቱም በጆሮ የሚለይ እንዳልሆነ አስልቶ ነገረኝ።

ሳጥኑን የሠራው በ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ነው። የውስጥ ልኩ 40 በ30 በ18 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 21.6 ሊትር ሲሆን፣ ከ20 ሊትር የተረፈው ስፒከሩ ራሱ ለሚይዘው ቦታ ታስቦ የተተወ ነው። ስፒከሩ የሚታሰርበትን ፊት ድርብ አደረገው፤ መጋጠሚያዎቹን በኮላ አጣብቆ ከውስጥ ሲሊኮን ቀባቸው። ሲደርቅ ስፒከሩን አስሮ ዝቅ ያለ ድምፅ ለቀቀበትና፣ የሚጨስ የዕጣን እንጨት ይዞ በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ አዞረ። በአንዱ ጥግ ላይ ጭሱ ተበተነ። ስፒከሩን ፈትቶ ያንን ጥግ ደፈነና ፍተሻውን ደገመው፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ እስኪወጣ ድረስ ሞኬቱን አላለበሰም። መጨረሻ ላይ ሳጥኑን በድንገተኛ ፍሬን ወደ ፊት እንዳይወረወር ከመኪናዋ ብረት ጋር በብሎን አሰረው።

በኤሌክትሪኩም በኩል እንዲሁ ነው። ከቀድሞው ገጠማ የቀረውን ሽቦ በምላጭ ፋቅ ሲያደርገው ከላይ ቀይ የመሰለው መዳብ ውስጡ ነጭ አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ፤ በ10 ካሬ ሚሊ ሜትር ንጹሕ መዳብ ቀየረውና ከባትሪው አጠገብ ባለ 40 አምፔር ፊውዝ አስገባለት። የ300 ዋቱ አምፕሊፋየር ሙሉ ኃይል ሲሰጥ 27 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ዲናሞውን መቀየር አላስፈለገም። የአምፕሊፋየሩን ጌይን (የማጉላት መጠን) በጆሮ ሳይሆን በመልቲሜትር አስተካከለ፤ ለባለ 4 ኦሙ ስፒከር 300 ዋት ማለት 34.6 ቮልት ስለሆነ፣ የ50 ኸርዝ ድምፅ ለቆ እዚያ ሊደርስ ሲል አቆመ። ሰብውፈሩ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ብቻ እንዲወስድም አደረገ።

አሁን ቤዝ ጊታሩ ከኖታ ወደ ኖታ ሲሄድ ይከተሉታል፤ ከበሮው ምቱን ጨርሶ ይቆማል፤ የበገና መዝሙር ስከፍትም የክሮቹ እዝታ ሳይደፈርስ ይሰማል። የዕቃ ቦታዬም ከግማሽ በላይ ተመልሶልኛል። ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ጩኸት ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ገጠማ አይሆነውም፤ ባለሙያውም እንዲህ ያለውን ሥራ ብዙ ጊዜ አይቀበልም።

አንድ ቅሬታ ላንሣ፦ በቀጠሮው ቀን አያስረክብም። ሥራ ሲበዛበትም ስልክ አያነሣም። ለሚቸኩል ሰው ይህ አስቸጋሪ ነው። በሌላ በኩል የእጅ ዋጋውንና የዕቃውን ዋጋ ለይቶ ይጽፋል፤ የተረፈውን ሽቦና እንጨትም ሳይጠየቅ ይመልሳል።

ስሙና ስልኩ በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቀኝ የሚፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝና እልክለታለሁ። ወደ እሱ ስትሄዱ የስፒከሩን የመለኪያ ወረቀት ያዙ፤ የዕቃ ቦታችሁን ስፋት፣ ቁመትና ጥልቀት ለኩ፤ አዘውትራችሁ የምትሰሙትንም ሙዚቃ በስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ሂዱ፤ የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ነው።