ሲስተርዬ፣ እግዜር ይስጥልን! (ኮሎስቶሚ ያለበት፣ ማለትም በቀዶ ጥገና ሰገራው በሆዱ በኩል ወደ ከረጢት እንዲወጣ የተደረገለት ሰው ቤታችሁ ካለ አንብቡት)

አባዬ አንጀቱ ተጠምዝዞ በድንገተኛ ቀዶ ጥገና ከተረፈ ወዲህ ሆዱ ላይ ከረጢት ይዞ ነው የሚኖረው። መጀመሪያ ደህና ነበር። በኋላ ግን ስቶማው፣ ማለትም ሆዱ ላይ የወጣው የአንጀት ጫፍ፣ እየረዘመ ወደ ውጭ ይወርድ ጀመር። ሲያስለው ይብስበታል። ከረጢቱ አልይዝ አለ። ሌሊት አንሶላ፣ ቀን ሱሪ ማጠብ ሆነ ሥራችን። ቆዳው ተልጦ ውሃ ሲነካው ይጮሃል። ቅዳሴ የማያስታጉለው ሰውዬ ከቤት መውጣት ተወ። እንግዳ ሲመጣ "ተኝቷል በሉ" ይለናል።

ያልሄድንበት የለም። አንዱ ጋ "ያው ነው፣ ልመዱት" ተባልን። ሌላው ጋ ያየችን ባለሙያ አባዬ ፊት አፍንጫዋን ያዘች። ይሄን መቼም አልረሳውም። ሌላው ደግሞ ውድ ከረጢት ሸጠልን፤ ቤት ሳንደርስ አፈሰሰ። ስማቸውን አልጠራም፣ ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ።

ከዚያ ጎረቤታችን ይህችን ነርስ ጠቆመችን። ከሥራ ስትወጣ ቤት ድረስ መጣች። "ጋሼ፣ እስቲ በጀርባዎ ጋደም ይበሉልኝ" አለችው። ከፈተችው፣ አየችው፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ቀለሙን አይታ "ቀይ ነው፣ ጥሩ ነው" አለች። ከዚያ ወደ እማዬ ዞራ "ስኳር አለ?" እማዬ ሻይ ልትጥድ ብድግ! "ኧረ ለሻይ አይደለም እማማ" ብላ ሳቀች።

ስኳሩን ያበጠው አንጀት ላይ ነሰነሰችው። እኛ እርስ በርስ ተያየን። እሷ አባዬን ስለ አስተማሪነት ዘመኑ እያስወራች ትጠብቃለች። ስኳሩ ውሃውን እየሳበ እብጠቱን ያጎድለዋል አለች፤ ከዚህ በላይ አልገባኝም። ጥቂት ቆይታ በመዳፏ ቀስ አድርጋ ስትጫነው፣ እየተንሸራተተ ገባ! አባዬ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔስ ብትሉ።

ከዚያ ነው ከረጢቱን የለካችው። ቀዳዳውን ከሥሩ ልክ ቆረጠች፤ ጠርዙን በመቀስ ዙሪያውን ትንሽ ትንሽ ሰነጠቀችው። ሲነሳ ተመልሶ ቢወጣ እንዳያንቀው ነው። ቆዳውን በለብ ያለ ውሃ ብቻ አጥባ አደረቀች፣ ለጠፈችና እስኪሞቅ በእጇ ያዘችው። "ሲሦው ሲሞላ አፍስሱት፣ እስኪከብድ አትጠብቁ። ሁልጊዜ ተኝቶ ይቀየርለት። ከባድ ነገር አያንሳ" አለችን።

አንድ ነገር ደጋግማ አስጠንቅቃናለች፣ እኔም እደግመዋለሁ። ስኳሩን ባለሙያ ሳያሳያችሁ በራሳችሁ አትሞክሩ። ስቶማው ከጠቆረ ወይም ከወየበ፣ ሕመሙ ከጠና፣ ሰገራ መውጣት ካቆመ፣ እሷን እንኳን አትጠብቁ፤ ሩጡ ወደ ድንገተኛ። የአባዬንም ጉዳይ ቀዶ ሐኪም እንዲያየው አድርጋለች።

አሁንም አልፎ አልፎ ይወጣል። ግን ሌሊቱን እንተኛለን። አባዬም ባለፈው እሁድ ነጠላውን አጣፍቶ ቅዳሴ ሄደ።

ለድካሟ የታክሲ እንኳን በግድ ነው የተቀበለችው። እንዲህ ዓይነት ሰው አለ እንዴ? አለች! ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ነው እንጂ ፎቶዋን ከነስሟ በለጠፍኩት ነበር። የሚያፈስባችሁ፣ የወጣባችሁ፣ በእፍረት ቤት የተቀመጣችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት ጠዋት ዋርድ ስለምትገባ አታነሳም።